መድረክ ላይ ከምትጠሪኝ ልብሱ ላይ ጻፊኝ

(ለፋሽን ዲዛይን ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ? ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ መምህራን። እዚያ በር ላይ የቆማችሁም ግቡ፣ ወንበር አለ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የዲዛይን ሐሳብ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። 15 ደቂቃ ብቻ ተብያለሁ። ተማሪዎቼ ግን ታውቁኛላችሁ። ስለ ገበር ብቻ ሁለት ሰዓት አውርቼ፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ በጨለማ የቀጠልኩ ሰው ነኝ። ሰዓት የያዘው ልጅ ይታገሰኝ።

ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት ደንበኛ መጣችና ስልኳን አውጥታ የቀሚስ ፎቶ አሳየችኝ። ልክ ወሰድኩ፣ ቀብድ ተቀበልኩ። ከሰዓት ሌላዋ መጣች፣ ያው ፎቶ። ቅዳሜ አንዷ ከእናቷ ጋር መጣች፣ ያው ፎቶ፤ እናትየዋም ለራሷ ያንኑ ፎቶ ይዛ ኖሯል። እስከ ገና ሰባት ቆጠርኩ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል አይደል? ሰባቱ ጃን ሜዳ ላይ ቢገጣጠሙ የአንድ ሰበካ መዘምራን ነበር የሚመስሉት።

ደንበኛ ይሁን፣ አይወቀስም። ያናደዳችሁኝ እናንተ ናችሁ። የመመረቂያ ሥራችሁን ስናይ «ኢንስፓይሬሽንሽ ምንድነው?» ብዬ የጠየቅኳት ሁሉ ስልኳን አወጣች። ወንዶቹም ያው ናችሁ፣ አትሳቁ። «ፒንተረስት ላይ ሴቭ ያደረግኩት ነው፣ ቲክቶክ ላይ ያየሁት ነው።» እኔም አያለሁ እኮ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ሳገላብጥ የማድርበት ቀን አለ። ግን ፎቶ ላይ የጨርቁ ክብደት የለም። ሲታጠብ ምን እንደሚሆን የለም። ከኋላ ምን እንደሚመስል እንኳ የለም። ማን እንደሠራው ደግሞ ጭራሽ የለም።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ሸማኔ ነው። ታሪኩ ትንሽ ይረዝማል።

ሱቅ በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ የውጭ መጽሔት የቆረጥኩት ፎቶ ነበረኝ። ክብ ክብ አበባ፣ ሐረጉ እንደ ወይን የሚጠማዘዝ። ይዤው ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ፣ ውስጡ አራት ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጥጉ ላይ ያሉት ጋሼ በልጅነታቸው ከዶርዜ የመጡ ናቸው። ፎቶውን ተቀበሉኝ፣ አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። ጀርባው የሽቶ ማስታወቂያ ነበር። መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይሄ በቀለም የታተመ ነው። በክር አይሄድም» አሉኝ።

እኔ ያኔ አዋቂ ነኝ። ዲፕሎማ አለኝ። «እከፍላለሁ፣ ዝም ብለው ይሥሩልኝ» አልኳቸው። በዚሁ ቃል። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሄጄ ሳየው ደሜ ፈላ። አበባዬ የለም! ያለው ደረጃ ነው። ሐረጉ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይወጣል። «አበላሹብኝ!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጋሼ አልተቆጡም። «ነይ እዚህ ተቀመጪ» ብለው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጡኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ድሩ ተወጥሯል። በእግራቸው ሲረግጡ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል፣ ይዘጋል። ጥለቱ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸው መቁጠር ጀመረ። ይህን ያህል ድር ወደ ላይ፣ ይህን ያህል ወደ ታች፣ ባለቀለሙ ክር በመሃል ያልፋል። በቁጥር ደግሞ ክብ አይወጣም፣ ከሩቅ ክብ የሚመስል ደረጃ ነው የሚወጣው። ሰውዬው የእኔን አበባ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲቆጥሩት ኖረዋል። ወረቀት የለ፣ ኮምፒውተር የለ፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ።

አፍሬ ወሬ ለመቀየር «ጨርቁ ለምንድነው ሁልጊዜ ጠባብ የሚሆነው?» አልኳቸው። ሁለት ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። መልሱ ይኸው ነው። መወርወሪያውን በአንድ እጅ ወርውረው በሌላው ስለሚቀበሉ ወርዱ ክንዳቸው ከሚደርስበት አያልፍም። ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ፓተርን፣ ማለትም የልብስ አቆራረጥ፣ ተምሬ፣ የአያቴ ቀሚስ ለምን ከቀጥ ያሉ ቁራጮች እንደተገጣጠመ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ያን «የተበላሸ» ጨርቅ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ቁርስ ስበላ አየዋለሁ፣ ስተኛ አየዋለሁ። የመጀመሪያው ኮሌክሽኔ ከዚያ ወጣ። 12 ልብስ፣ አንድም አበባ የለም። ኪሱ ደረጃ፣ አንገቱ ደረጃ፣ የእጁ ጫፍ ደረጃ። ዛሬም ሰው ሱቄ ገብቶ «ያቺ የደረጃዋ አለች?» ይለኛል።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? በዓመቱ ያችኑ ደረጃ መርካቶ ውስጥ ፖሊስተር ላይ ታትማ አገኘኋት። የክሮቹ ጥላ ሳይቀር ታትሟል! ጋሼ ሦስት ሳምንት የቆጠሩትን ማሽን በሜትር ይተፋዋል። ላብ አይመጥም፣ ቡና ስታፈይ ፍም ብልጭ ቢልበት ይቀልጣል። አቅም የሌላት ሴት ለበዓል ገዝታ ብትለብሰው ምንም አልላትም፣ የእጅ ሥራ ዋጋ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። እኔ የምጣላው ዲዛይነር ነኝ ብሎ፣ ያንን ህትመት ቆርጦ ሰፍቶ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ «ከባህላችን ተነስቼ ነው» ከሚለው ጋር ነው። ከየትኛው ባህል? ከጥቅል ጨርቅ ነው የተነሳኸው!

ይቅርታ። ግን ልጨርሰው። እኛ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያልን የሰደብን ሰዎች ነን። ምኒልክ ባለእጅን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ቀረ እንበል። ስማቸውስ የታለ? ልብሱ አንገት ላይ በወርቅማ ክር የተጠለፈው የእኔ ስም ነው። ፋሽን ሾው ላይ ሞዴሏ ትጠራለች፣ ሜካፕ የቀባችው ትጠራለች፣ ውኃ ያቀረበው ድርጅት ሳይቀር ይመሰገናል። ሦስት ሳምንት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው የጠራ ሰምታችኋል? እኔም አልጠራሁም። ለዓመታት አልጠራሁም።

እስኪ ለመመረቂያ ሥራው የሸመነለትን ሰው ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

(እዚህ ጋ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።)

እሺ። አውርዱ።

ሌሎች እንዴት ሐሳብ እንዳገኙም ተናገሪ ተብያለሁ። ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር ሆና በረባሶን አየች። በረባሶን ያላየ ማን አለ? ከጎማ የተቆረጠ፣ ገበሬው የተጫማው፣ ታጋዩ ተጫምቶት አዲስ አበባ የገባው። እኛ የድሃ ጫማ ብለን አለፍነው፣ እሷ ሶልሬብልስ የሚባል የጫማ ድርጅት አቋቁማ ውጭ አገር ሸጠችው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅቷን ስትጀምር መነሻዋ ፎቶ አልነበረም። አገር ቤት መጥታ ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ስላየች ነው፣ ይኸው ሸማችንን ባሕር ዳርቻ አስለበሰችው። ፈረንጁ ዲዛይነር ኢቭ ሳን ሎራን እንኳ በ1966 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ፣ ማራኬሽ ቤት ገዝቶ እየተመላለሰ ነው ቀለም የተማረው። ሄዶ ነው! እናንተ ሐረር ሂዱ፣ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፣ ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። መንዝ ሂዱና በርኖስ ትከሻው ላይ ለምን ሾጠጥ እንደሚል ለባሾቹን ጠይቁ። የአውቶቡሱ ትኬት ከውጭ መጽሔት ይረክሳል።

ስለ ግል አለባበስም ተናገሪ ብለውኝ ነበር፣ ጊዜዬ አለቀ መሰለኝ። ባጭሩ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እናቶቻችሁን ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አንዲት ነጠላ ናት ያለቻቸው። ለቅሶ ሲሄዱ ጥለቷን ወደ ላይ ያዞሯታል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያጣፏታል፣ ሥራ ሲበዛ ወገባቸው ላይ ያስሯታል። እናንተ ሠላሳ ልብስ ይዛችሁ «የምለብሰው የለኝም» ትላላችሁ። ይሄ የለበስኩት ኮት የቦንዳ ነው። ገበሩን ፈትቼ በአባቴ አሮጌ ኩታ ቀየርኩት። ስወርድ መጥታችሁ እዩት፣ ግን እጃችሁን ታጠቡ።

ጋሼ አሁንም ይሠራሉ። ዛሬ ስማቸውን ልጠራ ፈቃድ ስጠይቃቸው «መድረክ ላይ ከምትጠሪኝ ልብሱ ላይ ጻፊኝ» አሉኝ። ስለዚህ እዚህ አልጠራቸውም። ከመስከረም ጀምሮ በየልብሴ አንገት ላይ፣ ከእኔ ስም በላይ ታገኙታላችሁ። የጠላፊዋን እከፍላለሁ፣ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ነገ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ከአራት ሰው በላይ አይችልም ብለዋል፣ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል። ስልክ በር ላይ እሰበስባለሁ። ቡናው በእኔ፣ ዳቦ ይዛችሁ ኑ።