ጽጌረዳው ለምን ሆለታ ሄደ?

[ምስል፦ ሌሊት፣ ቦሌ። ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ወደ ካርጎ ሲገባ]

ይህ መኪና የጫነው ጽጌረዳ ነው። ሆለታ ላይ ገና ሳይፈነዳ ተቆርጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቆይቶ ነው የመጣው። ቀጣዩ ማረፊያው አውሮጳ ነው። አውሮፕላኑ ካመለጠው እያንዳንዷ ሰዓት ከዋጋው ላይ ትቀንሳለች።

ለምን ሆለታ? ለምን መተማ ወይም ጎዴ አልሆነም?

[ምስል፦ ካርታ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ፣ ከዚያ ወደ ባቱ]

መጀመሪያ ነገር አየሩ ነው። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል። ጽጌረዳ በብርድ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቀስ ሲል ደግሞ የአበባው ራስ ይተልቃል፣ ዘንጉ ይረዝማል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ፣ ስትደርሱ ከፍታው 1,600 ሜትር አካባቢ ይሆናል። እዚያ ይሞቃል። አበባው ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙም ይቆረጣል፣ ግን ራሱ አነስ ይላል። ሁለቱም ገዢ አላቸው።

ፀሐዩንም አስቡት። እኛ ዘንድ ክረምት ከበጋ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የኔዘርላንድስ ገበሬ በታኅሣሥ ጽጌረዳ ለማብቀል መብራት ማብራት፣ ቤቱን ማሞቅ አለበት።

አየር ብቻ ቢሆን ግን አገራችን ስንት ደጋ አላት! አበባ መንገድ ላይ አይታገሥም። ለዚህ ነው አብዛኞቹ እርሻዎች ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱና ባቱ፣ ቦሌ በሚያደርስ አስፋልት አጠገብ የሰፈሩት። መንግሥት መሬት አቀረበ፣ ልማት ባንክ አበደረ፣ ግብሩም ለዓመታት ቀረ። ይህ ባለሀብቱን አፋጠነው እንጂ ቦታውን የመረጡለት አየሩና መንገዱ ናቸው። እርሻዎቹ ውኃ የሚስቡበት የባቱ ሐይቅ ግን የዓሣ አጥማጁም፣ የከተማው ነዋሪም ውኃ ነው። እሱም ከሂሳቡ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ።

[ምስል፦ የድሬዳዋ የድሮ ባቡር ጣቢያ]

ቦታ የሚመረጥለት አበባ ብቻ አይደለም፤ ሌላውም ሥራ የሰፈረበት ምክንያት አለው። ድሬዳዋን የወለዳት ዳገት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር። ተራራው ወጪ አበዛ። ሐዲዱ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፣ ከተማዋም ተቆረቆረች። ጥገናው መካኒክ አመጣ፣ መካኒኩ ነጋዴ አስከተለ፣ ቆይቶም ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ሲከፈት የተመረጠችው ይህችው ከተማ ናት።

[ምስል፦ ሐዋሳ፤ ረጃጅም የስፌት መስመሮች]

ሐዋሳ ትንሽ ትለያለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ሼዱ ዝግጁ፣ መብራቱ ገብቷል፣ ከዙሪያው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችም ስፌት ተማሩ። የስፌቱ ግብዓት ግን በብዛት የባሕር ማዶ ነበር። ጨርቁ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ሸሚዙ በዚያው መንገድ ይወጣል። ትልቁ መሳቢያም አሜሪካ ያለ ቀረጥ መግባት መቻሉ፣ አጎዋ የምንለው ዕድል ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ይህ ዕድል ተዘጋ። ጦርነቱም ነበር። ጓዛቸውን የጠቀለሉ ኩባንያዎች አሉ። ስፌት የተማሩት እጆች ግን እዚያው ቀሩ፤ በጣም የምቆረቆረው ለእነሱ ነው።

[ምስል፦ ሽሮ ሜዳ፤ ሸማኔ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲሠራ]

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳ እንውጣ። እዚህ ፓርክ አልተሠራም። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ሥራውን ከጋሞ ደጋ፣ ከአባት ከእናት ይዘውት መጥተው ነው በዚህ ዙሪያ የሰፈሩት። አንዱ ወንድሙን ጠራ፣ ወንድሙ ጎረቤቱን። ክር ሻጩ ተጠጋቸው። ጥለት የሚያስገቡ፣ ቀሚስ የሚሰፉ፣ ሱቅ የከፈቱ ተከተሉ። ሙሽራዋም ሌላ ሰፈር አትዞርም፤ አንድ መንገድ ላይ ሃያ ሱቅ ታያለች።

እዩት፣ ይህ ሰውዬ ቢጫው ክር አለቀበት። መወርወሪያውን አስቀመጠ። ከጉድጓዱ ወጣ፣ አስፋልቱን ተሻገረ፣ ቀለሙን በብርሃን እያየ አመሳሰለ፣ ገዛ፣ ተመለሰ። ቡናው እንኳ አልቀዘቀዘም።