ኳሷ ቀጥ ብላ አትሄድም

እንዴት ሰነበታችሁ አድማጮቼ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ስለ አንድ የሣር ላይ ጨዋታ ላወራችሁ ነው።

ባለፈው ገና አባቴን ልብ ብዬ አየኋቸው። ጎረምሳው መስክ ወርዶ ሩሯን ይጠልዛል፣ እሳቸው ዳር ቆመዋል። ሩሯ ወደሳቸው ስትመጣ ከዘራቸውን ከመሬት አነሱት። ወዲያው ደግሞ መልሰው ተመረኮዙት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፣ እውነት ነው። ግን ጉልበት የከዳው ሰው ምን ይጫወት? እናቶቻችንስ? ገበጣ አለ፤ እሱ ቁጭ ተብሎ ነው። እኔ የምመኘው ቆመው፣ እየተራመዱ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እኩል የሚፎካከሩበት ጨዋታ ነው።

እንዲህ ያለው ጨዋታ አለ። ላውን ቦውልስ ይባላል። እንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ውስጥ ያለው ሜዳ ከ1299 ጀምሮ እንደነበረ ይነገርለታል። ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በሚባለው፣ እንግሊዝና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ በሚፎካከሩበት ውድድር ላይም ከ1930 ጀምሮ አለ፣ በ1966 ብቻ ነው የቀረው። ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ትንሽ ምንጣፍ ሣሩ ላይ ትነጠፋለች። ተጫዋቹ እዚያ ቆሞ መጀመሪያ ጃክ የምትባለውን ትንሽ ኳስ ያንከባልላል። ጃኳ ቢያንስ 23 ሜትር መራቅ አለባት። ከዚያ ተራ በተራ ትልልቆቹን ኳሶች ወደሷ መላክ ነው። ሁለት ሰው ሲጋጠም ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ 4 ኳስ ይደርሰዋል። ሁሉም ሲያልቅ ማን ለጃኳ እንደቀረበ ይታያል። ከተጋጣሚያችሁ ምርጥ ኳስ ይልቅ ለጃኳ የቀረቡት ኳሶቻችሁ በሙሉ አንድ አንድ ነጥብ ያመጣሉ። ቀጥሎ ከማዶ ወደዚህ ይጀመራል። በተለመደው የነጠላ ግጥሚያ 21 ቀድሞ የሞላ አሸነፈ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ትልቋ ኳስ ድብልብል ክብ አይደለችም። አንዱ ጎኗ ከሌላው ለየት ተደርጎ ነው የተቀረጸው፤ ስለዚህ ቀጥ ብላ አትሄድም። ስትለቋት ቀጥ ያለች ትመስላለች። ፍጥነቷ ሲበርድ ቀስ እያለች መታጠፍ ትጀምራለች። ልትቆም ስትል ደግሞ ጭራሽ ትጠመዘዛለች። በሁለቱም ጎኗ ላይ ምልክት አለ። ትንሿ ምልክት ያለችበት ወገን ነው የምትታጠፍበት። ትንሿን ምልክት ወደ ግራ አድርጋችሁ ከያዛችሁ፣ ኳሷን ከጃኳ ቀኝ አርቃችሁ ትልካላችሁ፤ ዞራ ትመጣለች። ጃኳን ቀጥታ ያነጣጠረ ሰው ይስታል።

አለቃቀቅም አለው። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ጉልበት በርከክ፣ እጅ ሣሩን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ። እንቁላል ከታቀፈች ዶሮ ሥር እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው የምትለቋት። ከወገብ ከለቀቃችኋት ዱብ ትላለች፤ ሣሩ ይጎዳል፣ እሷም መንገዷን ትስታለች።

ጃኳን የነካች ኳስ በጠመኔ ምልክት ይደረግባታል። ከዚያ በኋላ ከሜዳው ጫፍ ያለው ቦይ ውስጥ ብትወድቅ እንኳ አትሞትም፣ ትቆጠራለች። ጃኳንም ራሷን መትቶ ማንቀሳቀስ ይቻላል። በአንድ ኳስ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ሲገለበጥ አስቡት!

ማየት የተሳናቸው ሰዎችም ኮመንዌልዝ ላይ ይጫወቱታል። አጠገባቸው ያለ መሪ አቅጣጫውንና ርቀቱን ይነግራቸዋል፤ የሚልኩት ግን እነሱ ናቸው። ይሄን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሣሩስ? በሞቃት አገሮች ብዙ ሜዳዎች የሚሠሩት ከሰርዶ ወገን ነው። አዎ፣ እኛ ደጅ ያለው ሰርዶ። ልዩነቱ እነሱ በማሽን ይላጩታል፣ በመዳመጫም ይደለድሉታል። የኛ መስክ እንደዚያ ስላልሆነ ለኛ የጣሊያኖቹ ቦቼ ይቀላል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ግን ኳሶቹ ድብልብል ክብ ናቸው፣ መሬቱም ትንሽ ቢጎረብጥ ችግር የለውም። ለሁለት ወገን አራት አራት፣ በድምሩ 8 ኳስና አንዲት ትንሽ ኳስ ይበቃል። ከእንጨት ቀርጾ የሚያወጣላችሁ አናጺ አይጠፋም።

መስከረም ላይ አትቸኩሉ። ሣሩ ረጅምና እርጥብ ነው፣ ኳሱን ይይዘዋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ከብቱ ከጋጠው በኋላ ይሻላል። ለትልልቅ ሰዎች ርቀቱን ወደ 15 እርምጃ አሳጥሩት። ማጎንበስ ለሚያማቸው ወንበር አቅርቡላቸው፣ ተቀምጠው ይላኩ። የኔ ኳስ ቀርቧል፣ የኔ ቀርቧል የሚል ክርክር ከተነሳ ክር ከጃኳ እስከ ኳሱ ዘርግታችሁ ለኩ። መጀመሪያ እንዲልኩ ደግሞ አያቶቻችሁን ጋብዙ። የሞከራችሁ በድምፅ ላኩልኝ፤ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የእነሱንም ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ።