ነጭ ሽንኩርት የሚልጡት ሲስተር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የምቀዳው ጎንደር ካለው ቤቴ፣ ከአዘዞ ነው። አልፎ አልፎ የባጃጅ ጩኸት ከሰማችሁ ታገሡኝ፤ መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጠኝም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠብቃ አስቆመችኝ። «መምህር፣ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» አለችኝ። ክንዴ ላይ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተቆልሏል፤ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደወል ተደውሏል። «አይዞሽ፣ የፈተና ጭንቀት ነው። ጸልዪበት» አልኳት። «እሺ መምህር» ብላ ሄደች። (ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ግን ቀይሬዋለሁ።)

ያቺ «እሺ» አልለቀቀችኝም። ጸሎትን ማቃለሌ አይደለም፤ እኔ ራሴ ጠዋት ሳልጸልይ ከቤት አልወጣም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት «ጸልዪበት» ያልኩት ልጅቷን ወደ እግዚአብሔር ለመምራት ሳይሆን ከፊቴ ለማንሣት ነበር። ሰውን ሳያስቀይሙ ከሚያሰናብቱባቸው ቃላት ሁሉ የከበረው ይኸው ነው፤ ማን ይከራከርበታል? የሚከራከር ቢኖር እንኳ ሃይማኖት የጎደለው እሱ ይሆናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጅነቴ የማውቃቸው አንዲት ሲስተር፣ የካቶሊክ መነኩሲት፣ እየመጡ አእምሮዬ ውስጥ ይቀመጡ ጀመር። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሳቸው ነው።

በ1996 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ቤተሰቦቼ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ላኩኝ። አክስቴም በአንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ወሬው ጎንደር በኣታ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ለምትኖረው አያቴ፣ ለእምዬ፣ ሲደርሳት የምትፈትለውን አቁማ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተመለከተችኝ። «ትምህርታቸውን ተማር። እንጀራቸውንም ብላ። ማተብህን እንዳትበጥስ። እንዳትኮተልክ።» ካቶሊክ እንዳትሆን ማለቷ ነው።

ለሌላው ኢትዮጵያዊ ይህ የአሮጊት ስጋት ሊመስል ይችላል። ለጎንደር ሰው ግን ታሪክ ነው። አሁን ከተቀመጥኩበት ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ የሚባል ስፍራ አለ። ያሠሩት አፄ ሱስንዮስ ናቸው፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነታቸውን በአደባባይ አወጁ፤ ሕዝቡም እንዲከተላቸው ግድ አሉት። አሥር ዓመት ሙሉ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። በ1624 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ ንጉሡ ራሳቸው አዋጁን አንሥተው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ያው ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆረ። ስለዚህ እምዬ «እንዳትኮተልክ» ስትለኝ ከኋላዋ ያ ሁሉ ደም ቆሞ ነበር።

ሄድኩ። የጠበቅኩት ግን አልመጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ሲስተር ማተቤን አይተው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ረቡዕና ዓርብ ትጾማለህ ማለት ነው።» ለወጥ ቤት ሠራተኛዋ ነገሩ። ከዚያ በኋላ በጾም ቀን ሽሮዬ ተለይቶ ይቀመጥልኝ ነበር። እኔ ብቻም አልነበርኩም፤ ከክፍላችን አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፣ ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶችም አሉ፣ የካቶሊክ ልጆች በጣት ይቆጠራሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራም ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ አይሞሉም ነበር፤ ትምህርት ቤቶቻቸው ግን ከቁጥራቸው በላይ ናቸው።

አንድ ነገር ላስገባ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሰነድ ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ እንዳይገደድ ደንግጓል። ለአፄ ሱስንዮስ ሦስት መቶ አርባ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው የደረሰው።

በክፍል ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት አልነበረንም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይላል። ስለዚህ መንፈሳዊው ነገር ሁሉ በጠርዝ በጠርዙ ነበር የሚካሄደው፦ ጠዋት በሰልፍ ላይ አጭር ጸሎት፣ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለፈለገ ቅዳሴ፣ በየጊዜው አረጋውያንን መጎብኘት፣ በዓመት አንድ ቀን ደግሞ አስተንትኖ፤ ማለትም ከከተማ ወጥተን ዝም ብለን የምንውልበት ቀን። ቅዳሴው በግእዝ ሥርዓት ስለሆነ አንድ ዓርብ በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲባል እግሬ ሳላዝዘው ወደ ውስጥ ሊገባ ነበር። እምዬ ትዝ አለችኝና ተመለስኩ።

ሁሉም መልካም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። አንድ መምህር ለጠዋት ጸሎት የዘገየውን ተማሪ ጠጠር ላይ ያንበረክኩት ነበር። ጸሎትን ቅጣት ካደረጉት በኋላ ልጁ ከእግዚአብሔር ጋር እንዲታረቅ የሚያደርጉት በምን መላ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። «የምክር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍልም ነበረን። በሩ የሚከፈተው ከመምህራን ማረፊያ ፊት ለፊት ነው። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ተማሪ ሲገባ አላየሁም። ማን ይገባል? ገብቶ ሳይወጣ ወሬው ክፍሉ ይደርሳል።

ልጆች የሚሄዱት ሌላ ቦታ ነበር። ከጸሎት ቤቱ በስተጀርባ፣ ከጥድ ሥር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሲስተር በምሳ ሰዓት ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ለወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ጠጋ ያልክ እንደሆነ ቀና ብለው አያዩህም። «ቢላ አንሣ» ይሉሃል። ትልጣለህ። በቃ። ያለቀሰ ቢኖርም ሽንኩርቱ አለለት፤ የሚሳበብበት አያጣም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ላይ ክፉኛ ወደቅኩ። ሄጄ ተቀመጥኩ። አንድ ሙሉ ራስ ላጥኩ፤ ልጣጩ ጣቴ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ መልሱ የታወቀ ነበር፦ «ምንም።» እሳቸው ግን «ትናንት ማታ ምን በላህ?» አሉኝ።

«ቆሎ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ቆሎ።»

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። አክስቴ ሆስፒታል ከተኛች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል፤ እኔና የስድስት ዓመት ልጇ ብቻችንን ነን። ጎንደር አልደወልኩም፣ እምዬ እንዳትደነግጥ ብዬ። ሲስተር ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ እጃቸውም ሥራውን አላቆመም። ስጨርስ ሰፌዱን አስቀመጡና «አክስትህ የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

አላውቀውም ነበር።

«ስሟን ሳናውቅ እንዴት አድርገን እንጸልይላታለን? ጠይቀህ ና» አሉኝ። የዚያን ዕለት ማታ ሆስፒታል ሄጄ አክስቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ የምትሞት መስሏት ደነገጠች፤ ነገሩን ስነግራት አለቀሰች። በማግሥቱ ስሟን ይዤ ሄድኩ። ሲስተር ጸሎት ቤቱ ውስጥ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ጸሎት አደረሱ፤ የአክስቴ ስም በመካከሉ ተጠራ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ግባ አላሉኝም። ሲወጡ ወደ ወጥ ቤት ሄዱና በፌስታል እንጀራና ወጥ ቋጥረው ሰጡኝ። አክስቴ እስክትወጣ ድረስ በየቀኑ ይቋጠርልኝ ነበር።

እኔ ለተማሪዬ ያልኳት «ጸልዪበት» እና የሲስተር ጸሎት ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። የእሳቸው ስም ነበረው፤ ስሙን ለማግኘት መጀመሪያ መስማት ነበረባቸው። የእኔ ስም አልነበረውም፤ ለማንም፣ ለምንም ሊባል ይችል ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር የካቶሊኮች ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። እምዬ ደጅ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉትን የበኣታን የቆሎ ተማሪዎች እያየሁ ነው ያደግኩት። አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ሽብሸባ፣ ሊማሩ ከየአገሩ የመጡ፣ ደበሎ የለበሱ ልጆች። እምዬ ቁራሹን ከመስጠቷ በፊት «የማን አገር ልጅ ነህ? እናት አለችህ?» ትላለች፤ አንዳንዱ ቁራሹን ይዞ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲያወራት አስታውሳለሁ፤ እሷም እየፈተለች ትሰማዋለች። ረሃቡን፣ እከኩን፣ የውሻውን ንክሻ ረስቼ የቆሎ ተማሪነትን ላስውበው አልፈልግም። ግን የምትፈትል ሴትና የምትልጥ ሲስተር አንድ ዓይነት ጥበብ ነበራቸው፦ እጅ ሲሠራ ዓይን ሰውን አያስጨንቅም።

አሁን የማስተምራቸው ልጆች የተሸከሙት እኔ በእነሱ ዕድሜ ከተሸከምኩት ይከብዳል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀደመው ዓመትም 3.3 ነበር። ይህን ቁጥር የማያውቅ ተማሪ የለም። ከመቶ ልጅ ሦስቱ። በዚያ ላይ ሌሊት ተኩስ ሲሰሙ አድረው ጠዋት ፊዚክስ የሚማሩ ናቸው። ከፈተናው በፊት ስለት ይሳላሉ፣ ጸበል ይጠጣሉ፣ ሙስሊሞቹም በየቤታቸው ዱዓ ይያዝላቸዋል። መልካም ነው። ግን ልጁን ስለት እንዲሳል ያደረሰውን ነገር የጠየቀው ሰው ስንት ነው?

«ጸልዪበት» ባልኳት ማግሥት ተማሪዬን ፈልጌ አገኘኋት። ሲስተርን ልሆን ፈልጌ «ትናንት ማታ ምን በላሽ?» አልኳት።

«ሽሮ» አለችኝ፣ ግራ ተጋብታ። ጓደኞቿ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሌላ ሰው ቁልፍ በእኔ በር አልሠራም።

የማስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ጸሎት ቤት የለንም፣ ሊኖረንም አይገባም፤ ነጭ ሽንኩርት ይዤ ብቀመጥም ርዕሰ መምህሩ ጤንነቴን ይጠራጠራሉ። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተገነጣጠሉ መጻሕፍት ተቆልለው ታዩኝ። የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ አስፈቅጄ ሙጫ፣ መርፌና ክር ገዛሁ። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ እጠግናለሁ። ማስታወቂያ አልለጠፍኩም። የመጀመሪያው ሐሙስ ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ሁለት ልጆች መጥተው ሙጫውን አስጨርሰውኝ ሄዱ፤ ያወሩት ስለ እግር ኳስ ብቻ ነው። የአንደኛው ስፌት ከእኔ ይሻላል፤ አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው።

በአምስተኛው ሐሙስ እሷ መጣች። አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም፤ እኔም መርፌዬ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሣ፣ ወንድሟ ከቤት ከወጣ ወራት እንዳለፉት፣ ስልኩም እንደማይሠራ፣ እናቷ ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር እንደምትነሣ፣ እሷም አብራ እንደምትነሣ ነገረችኝ። እንቅልፉ እምቢ ያለው ለዚህ ነበር።

ምንም አላልኳትም። የምለው አልነበረኝም። ቆይቼ የወንድሟን የክርስትና ስም ጠየቅኳት፤ ወዲያው ነገረችኝ።

ደወሉ ሲደወል መጽሐፉን መልሳልኝ ሄደች። ገጽ 84ን ገልብጣ ለጥፋዋለች፤ የልብ ሥዕል ያለበት ገጽ ነው፣ አሁን ልቡ ወደ ታች ነው የሚታየው። እንዳለ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።