ሽማግሌው መውደቅ አቆመ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው።

ሽማግሌው፣ ያ ድንገት እየቆመ የሚወድቅብኝ ኮምፒውተሬ፣ ደህና ነው። «ፎርማት አድርገው፣ ሁሉን አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫነው!» የምትሉኝ ሁሉ፣ ሰምቻችኋለሁ፤ ዛሬ ግን በእናታችሁ ተዉኝ። ፎርማት አላደረግሁትም። መውደቅ ግን አቁሟል። የከነከነኝም እሱ ነው። ለምን አቆመ?

ያቺን ቅጽበት ልመልሳችሁ። እያወራሁ ነው፣ ኤርፎኑ ጆሮዬ ላይ ነው፣ ድንገት የገዛ ድምፄ ተሰነቀረ። «ነው» ልል ነበር፤ «ነ-ነ-ነ-ነ-ነ» ሆነ። ማውሱ አይነቃነቅም። ካፕስ ሎክን ብነካው መብራቱ አይበራም። እኔ አፌን ዘግቻለሁ፣ ድምፄ ግን ይቀጥላል። ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን፣ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው። ስክሪኑንስ ለምጄዋለሁ፤ ያ «ነ-ነ-ነ» ነው ማታ ማታ የሚመጣብኝ። ምስጢር የለውም እኮ፦ ሲስተሙ ሲቆም አዲስ ድምፅ የሚያቀብል ይጠፋል፣ የድምፅ ካርዱ ደግሞ ባፈሩ (ጊዜያዊ ማቆያው) ውስጥ የቀረችውን ቁራጭ እየደጋገመ ያጫውታል። በቃ። ግን የራስህ ድምፅ ሲሆን... እንጃ።

ኢቨንት ቪዌር፣ የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ፣ ገባሁ። ከርነል ፓወር፣ 41። ይህ ቁጥር ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መነሳቱን ነው የሚነግርህ። እሱንማ አይቼዋለሁ፣ እዚያው ነበርኩ! ሚኒዳምፑ፣ ሲስተሙ ሲወድቅ የሚጽፈው ትንሽ ፋይል፣ ይሻላል፤ የአንድ ድራይቨር (ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም) ስም ሰጠኝ። ግን ዳምፕ ላይ ስሙ የተገኘ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ውስጥ ድራይቨሮች ሜሞሪውን ይጋራሉ። አንዱ የሌላውን ቦታ ረግጦ ያልፋል፤ ያ ምስኪን ቆይቶ ዳታውን ሊያነብ ሲመጣ ይወድቃል፣ ስሙም ይጻፋል። ረጋጩ የለም።

ተራ ፕሮግራም ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ብቻ ይዘጋል። ከርነል ውስጥ ያለ ሲወድቅ ግን ሁሉን ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ላይ የአንድ የደህንነት ሶፍትዌር አፕዴት፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ጣለ። ሰዉ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) እየገባ አንዲት ፋይል በእጁ ሲያጠፋ ከረመ። እኔ፣ እውነቴን ነው፣ ቀናሁባቸው። ፋይሏ ትታወቅ ነበራ!

ወደ እኔ ስመለስ... የማይክሮሶፍት ያልሆኑትን ሰርቪሶች፣ ከበስተጀርባ የሚሮጡትን ፕሮግራሞች፣ በሙሉ አጠፋሁ፦ ክሊን ቡት። ሰላም። ግማሹን አበራሁ፣ ሰላም። ያንን አጥፍቼ ሌላውን ግማሽ፣ ሰላም። አሃ! ግጭት ነው አልኩ፤ ለየብቻ ጨዋ፣ ሲገናኙ ጠብ። የጫንኳቸውን ሁለት አንቲቫይረሶች ጠረጠርኩ፤ ሁለቱም ፋይል ሊከፈት ሲል «መጀመሪያ እኔ ልየው» ባዮች ናቸው። ሁሉንም አንድ ላይ አበራሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ውደቅ እንጂ፣ ውደቅ!

አልወደቀም።

ምናልባት በመሃል አንዱ ራሱን አፕዴት አድርጎ ይሆናል። ወይም ግጭቱ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ካልተገጣጠሙ ምንም አይፈጠርም። ራም (ሜሞሪው) ነው እንዳትሉኝ፤ ሜምቴስት፣ የሜሞሪ መፈተሻው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ ስህተት አላገኘም። እሱም ቢሆን... ተዉት።

ድራይቨር ቬሪፋየር የሚባል አለ፤ ድራይቨሮቹን ሆን ብሎ ያስጨንቅና ያጠፋውን እዚያው ይጥለዋል። አንዳንዴ ዊንዶውሱ ራሱ መነሳት እስኪያቅተው ድረስ። ደህና ያለውን ነገር ላስጨንቅ? ዛሬ ማታ ላበራው ነበር፣ ይህን ክፍል ከለቀቅሁ በኋላ። ወይም ቀጣዩን ከቀዳሁ... እንግዳ አለችን እኮ፣ እሷ ደግሞ ቀጠሮ መቀየር አትወድም፣ እና...