ዜሮ ጭማሪን እንቁጠር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዓለም የሠራተኞች ቀን አደረሳችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጣ ብላችሁ ትንሽ ከተራመዳችሁ ጣና ዳር ናችሁ። የሐይቁ ከፍታ ይለካል። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። ይህን በልበ ሙሉነት የምንናገረው መለኪያው ከቦታው ስለማይነሳ ነው። አምና ጎርጎራ ላይ፣ ዘንድሮ ባሕር ዳር ላይ ለክቶ «ውኃው ጨመረ» የሚል ሰው ቢመጣ ማን ያምነዋል?

በደመወዝ ጉዳይ ግን እናምናለን። «አማካይ ደመወዝ አደገ» ሲባል የማን ደመወዝ ብለን አንጠይቅም።

22 ዓመት ፔሮል ሠርቻለሁ። የሰው ስም፣ ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ እየጻፍኩ ነው ያረጀሁት። በሰኔ 2003 ዓ.ም.፣ የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ ባለፈበት ጊዜ፣ ለኦዲት ብዬ የወሩን ፔሮል ከአምናው ሰኔ ጋር ጎን ለጎን ዘረጋሁት። ስም በስም ወረድኩ። የጥበቃው ደመወዝ ያው ነው። የጽዳቷ ያው ነው። የሾፌሩ ያው ነው። የእኔም ያው ነው። አብዛኞቻችን ባለህበት እርገጥ ላይ ነበርን። ለበላይ የቀረበው ሪፖርት ግን የደመወዝ ወጪ ማደጉን ይናገር ነበር። ሪፖርቱ አልዋሸም። ጥቂቶች ብዙ ተጨምሮላቸው ነበር። ያን ማታ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ምን እንዳልኳት አስታውሳለሁ፤ «እኛ እኮ የለንም» ነው ያልኳት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 5,000 ብር ይከፈላቸዋል እንበል። ለሁለቱ 2,500 ብር ተጨመረ። ለስምንቱ ምንም። አማካዩ 10 በመቶ አደገ! እንዲያውም ለማንም ሳይጨመር አማካዩ ሊያድግ ይችላል። ዝቅተኛ ተከፋዮቹ ሥራ ሲለቁ የቀሩት ከፍተኛ ተከፋዮች ናቸውና።

ሌላ የመለኪያ መንገድ አለ፤ ያንኑ ሰው ከአምናው ደመወዙ ጋር ማነጻጸር። አሜሪካ ውስጥ በየወሩ ወደ 60,000 የሚሆኑ ቤተሰቦች ስለ ሥራቸው ይጠየቃሉ። አንድ ቤተሰብ አራት ወር ይጠየቃል፣ ስምንት ወር ያርፋል፣ ከዚያ እንደገና አራት ወር ይጠየቃል። ስለዚህ የአንዱ ሰው ደመወዝ በ12 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ አካል የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ከዚህ መረጃ ተነስቶ፣ ሥራ ካልቀየሩት መካከል ስንት በመቶው ደመወዙ ንቅንቅ እንዳላለ ያወጣል። እነሱ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከደረሰባቸው የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ ለዓመታት ቆይቷል። አሠሪ ደመወዝ መቀነስ ይፈራል። የዬል ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ምሁር ትሩማን ቢውሊ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከ300 በላይ ሰዎችን፣ በተለይም አሠሪዎችን፣ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ ይኸው ነው። ደመወዙ የተቆረጠበት ሰው ልቡ ከሥራው ይሸሻል። ስለዚህ አይቆርጡም፣ ባለበት ያቆሙታል።

እዚያ ዋጋ በዓመት 2 በመቶ ሲጨምር፣ ዜሮ ጭማሪ የሚጎዳው ያንኑ ያህል ነው። እኛ ጋ በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 5,000 ብር የሚከፈላት እኅታችን ዓመት ቆይታም 5,000 ብር ተቀበለች። የገዛችበት ግን በአምናው ዋጋ 3,850 ብር እንኳ አይሞላም። አሠሪዋ ቀነስኩብሽ አላላትም። እሷም ተቀነሰብኝ ብላ የምታሳየው ወረቀት የላትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ደስ ይላል። ግን የመንግሥት ደመወዝ ጨመረ ሲባል ቤት አከራዩም ባለሱቁም ይሰማል። የግል ድርጅት ሠራተኛውን ማን ይለየዋል? ኪራይ ሲጨመርበት «ለእኔ አልተጨመረም» ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብበት ቦታ የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ቦርዱ ዝቅተኛውን ወለል ቢያስቀምጥ እሰየው። ከወለሉ በላይ ሆነው ዓመታት የቆሙት ግን የሚታዩት ስንቆጥራቸው ብቻ ነው።

ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። ዋናውን ደመወዝ ከትራንስፖርት አበልና ከኦቨርታይም ለዩ። በዓል በበዛበት ወር ኦቨርታይም የሠራ ሰው የተጨመረለት ይመስላል። በቃል አትጠይቁ፣ ሰው «አምስት ሺህ ገደማ» ይላል፣ ያ ገደማ እውነተኛውን ለውጥ ይውጠዋል። ወረቀቱን እዩ። በዓመቱ መካከል ሥራ የቀየረውን ለብቻው ጻፉ። የሆቴሉና የግንባታው የቀን ሠራተኛ ፔሮል ላይ ላይኖር ይችላል። እሱን የቀን ሒሳቡን ጠይቁት፣ አምና በዚህ ወር ስንት ነበር በሉት። በምንም ምክንያት እንዳታልፉት፣ አደራ።

መግቢያው በር ላይ ቅጽ አስቀምጠናል። ስም አይጻፍበትም። የሥራ ዓይነት፣ የአምና ሚያዝያ ደመወዝ፣ የዘንድሮ ሚያዝያ ደመወዝ። ሦስት መስመር ነው። ለጓደኞቻችሁም ውሰዱላቸው። የሞላችሁትን በግንቦት መጨረሻ ለማኅበራችሁ ጸሐፊ ስጡ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ የምደምረው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ቀን፣ እግዚአብሔር ካለ፣ ከመቶው ስንቱ ዜሮ እንደሆነ እዚሁ ቆሜ አነብላችኋለሁ።