ያቺ ነጠብጣብ መስመር

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ዕቃ ሳስተካክል የድሮ የቴርሞዳይናሚክስ (ስለ ሙቀትና ኃይል የሚያጠናው የፊዚክስ ዘርፍ) ደብተሬ እጄ ገባ። ገለጥ ሳደርገው ያቺ ያዋረደችኝ ጥያቄ።

ባዶ ታንክ አለ፣ ውስጡ አየር እንኳ የለም። ግድግዳው ሙቀት አያስተላልፍም፣ ለራሱም አይወስድም። ውጪው 300 ኬልቪን ነው፤ 27 ዲግሪ ማለት ነው። ቫልቩን ስትከፍቱት አየሩ ሽው ብሎ ገብቶ ይሞላዋል። የገባው አየር ስንት ዲግሪ ይሆናል?

እኔ አንብቤ ሳልጨርስ ፎርሙላ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው የእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ የጁል ሙከራ ነው። ጁል በ1845 ሁለት የመዳብ ዕቃዎችን ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አንዱ የታመቀ አየር አለው፣ ሌላው ባዶ። መሀላቸው ያለውን ቫልቭ ሲከፍት የውሃው ሙቀት አልተለወጠም። ይኸው ነው፣ 300 ብዬ ዘጋሁት። በሙሉ ልብ!

መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሊሠሩት ወጡ። ጠመኔ ይዘው ዝም። ጠፋባቸው እንዴ ብለን ተያየን። ቆይተው ታንኩን ሳሉ። ከዚያ ከታንኩ ውጪ ያለውን፣ ገና ያልገባውን አየር በነጠብጣብ መስመር ከበቡት። "እኔ የምከተለው ይሄን ነው" አሉ።

በቃ፣ አለቀ። የተከበበው አየር ሲገባ ከኋላው ያለው ከባቢ አየር ይገፋዋል። መግፋት ሥራ ነው። ሙቀት መውጫ ስለሌለው ያ ሥራ አየሩ ውስጥ ይቀራል። ለአየር ሲሰላ 300 በ1.4 ይባዛል፤ 420 ኬልቪን። 147 ዲግሪ! ውሃ ከሚፈላበት በላይ። የታንኩ ትልቅነት ደግሞ ስሌቱ ውስጥ የለም፤ እሱን አጥፍተው ሲያሳዩን ነው ይበልጥ የደነቀኝ። ጁል ጋ ከኋላ የሚገፋ አልነበረም። እኔ "ባዶ" የሚለውን ቃል አይቼ አንድ ናቸው አልኩ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚሼሊን ቺ እና ባልደረቦቿ በ1981 ያወጡት ጥናት አለ። የፊዚክስ ጥያቄዎችን መድቡ ሲባሉ ጀማሪዎቹ ባዩት ዕቃ መደቡ፤ ስፕሪንግ ከስፕሪንግ፣ ተዳፋት ከተዳፋት። ባለሙያዎቹ ግን ጥያቄው በሚፈታበት ሕግ። ሳነበው ሳቄ መጣ፣ ስለ እኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

ደብተሬ ላይ 300ዋ በቀይ ተሰርዛለች። ከሥሯ የመምህሬን ሥዕል ገልብጫለሁ። መስመሯን ግን ቸኩዬ ታንኩ ውስጥ ነው የሳልኳት።