አንድ ዝርያ ብቻ ይዘን ዋግን አንችልም

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ ተመራማሪዎች፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ወደ ደሴ በሰላም መጣችሁ። ከለጋምቦና ከኩታበር ጎህ ሳይቀድ ለተነሳችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዘንድሮ ስለ አጃ እንድንነጋገር የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ «ስንዴው እያለ አጃ ምን ይሠራል?» ብላችሁኛል። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው አጃ ተራ ነገር አይደለም። ብርዱን ይችላል። የደከመ መሬት ላይም ይበቅላል። ለላሟ መኖ፣ ለአራሷ አጥሚት ይሆናል።

ዋግ የገባበትን አጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ይወጣል። በጣት ሲያሹት ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። ዋግ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ያ ዱቄት ዘሩ ነው። ሌሊቱ ጤዛ፣ ቀኑ ለስላሳ ሙቀት ከሆነ፣ ጤነኛ ቅጠል ላይ ያረፈው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የራሱን ዱቄት ማውጣት ይጀምራል። ከዚያ ነፋስ ነው የሚወስደው። ፍሬው ይኮሰምናል፣ መኖውም ይበላሻል።

መርጨት ይቻላል፤ ግን ለከብት መኖ በተዘራ አጃ ላይ የመድኃኒት ወጪ አያዋጣም። ለገበሬያችን የሚሻለው በሽታውን የሚቋቋም ዘር ነው። ጥያቄው ምን ዓይነት መቋቋም የሚለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ «ቪክቶሪያ» የሚባል አጃ ዋግን ይቋቋም ነበር። አዳቃዮቹ ይህን ጠባዩን ወደ ሌሎች ዝርያዎች አስገቡት። ገበሬው ወደደው፣ በሰፊው ተዘራ። እ.ኤ.አ. በ1946 ግን ቀድሞ የማይታወቅ ሌላ ፈንገስ ተገለጸ። ያጠፋ የነበረው ከቪክቶሪያ የተዳቀሉትን ነው። ከዋግ የሚከላከለውን ጂን ለአዲሱ በሽታ ከሚያጋልጠው መነጠል አልተቻለም። እነዚያን ዝርያዎች መተው ግድ ሆነ።

እኛም በስንዴ አይተነዋል። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ መታው። ገበሬው ዲጋሉ ወደሚባለው ሌላ ዝርያ ዞረ። ዲጋሉ ዩጂ99 የሚባለውን አደገኛ የግንድ ዋግ ሳይቀር ይቋቋም ስለነበር ሁሉም ተማመነበት። በ2013 መጨረሻ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጣና ባሌ ላይ ማሳ ሙሉ ዲጋሉ ጠረገ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ የሙከራ ማሳ ስትጎበኙ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚፈተኑት ዝርያዎች ዙሪያ በቀላሉ የሚታመም አጃ የሚዘራው ሆን ተብሎ ነው፤ ዋጉን እንዲያዛምት። ተመራማሪው ቅጠል እየገለበጠ ከመቶ ምን ያህሉ እንደተሸፈነ ይመዘግባል። ነጠብጣቡ ትልቅ ይሁን ትንሽ እሱንም ይጽፋል። ጭራሽ ያልተነካውን ስናይ ሁላችንም እናጨበጭባለን። እኔ ግን ትንሽ ተይዞ በሽታው የሚያዘግምበትን አጃ ይበልጥ አምነዋለሁ። ንጹሕ የሚመስለው ብዙ ጊዜ የቆመው በአንድ ጂን ላይ ነው። ፈንገሱ ትንሽ ከተለወጠ አለቀ። የሚያዘግመው ግን በአብዛኛው በርካታ ጂኖች ስላሉት በቀላሉ አይሸነፍም።

የአጃ ዋግ ፈንገስ አዳዲስ ዓይነት የሚያወጣበት አንዱ መንገድ ደግሞ አንዳንድ ቁጥቋጦ ላይ አርፎ ሲዳቀል ነው። አሜሪካ ያለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ አጃ የሚፈትነው እንዲህ ያለ ቁጥቋጦ ተክሎ፣ እዚያው አጠገቡ ነው። ቁጥቋጦው የጌሾ የቅርብ ዘመድ ነው። የዚህ አካባቢ ተመራማሪዎቻችን አጃ አጠገብ ያለ የጓሮ ጌሾን ቅጠል ገልብጠው ዋጉ ይኖርበት እንደሆነ እንዲያዩልን እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ገብስ ውስጥ የሚበቅለውን የአገራችንን ስናር አታጥፉት። እንደ አረም እናየዋለን እንጂ ከገብሳችን ጋር ስንት ዘመን አብሮ የኖረ የአጃ ወገን ነው። አዳቃዮች በዓለም ዙሪያ የመቋቋም ጂን ከዱር አጃ ሲወስዱ ኖረዋል። የየቀበሌያችሁን ስናር አንድ እፍኝ፣ የተለቀመበትን ቦታና ወር በወረቀት ጽፋችሁ፣ ለልማት ባለሙያው ስጡልን። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የጂን ባንክ፣ ማለትም የዘር ማከማቻ፣ አለን፤ እዚያ እንዲደርስ ማኅበራችን ይከታተላል።

ከሻይ በፊት የሙከራ ማሳ የያዙ ገበሬዎች ያዩትን ይነግሩናል። ተመራማሪዎች ከእነሱ ቀጥለው ይናገራሉ። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያደረግነው አስበንበት ነው። ጉባኤው ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ወደ መድረክ ይምጡልን።